ኮሶውና ሲንቄው

ዛሬ ጠዋት አሰላ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ሻይ ስጠጣ የኮሶ አበባ ብርጭቆዬ ውስጥ ዱብ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻዩን ይደፋው ነበር፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ።

የዛፉ ባለቤት አያቴ ነበረች። ችግኙን ከትውልድ አገሯ ከጮሌ በወተት ጣሳ፣ አውቶብስ ላይ አቅፋ ነው ያመጣችው። ድንችና ጎመን የሞላበት ሰፊ ግቢ መሃል ተከለችው።

"ኮሶ ታየብዎት እንዴ፣ እማማ?" እያሉ ጎረቤቶች ይስቁባት ነበር።

"ለዓይኔ ነው" ትላቸዋለች። የተወለደችበት ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ፣ ቀይ አበባው የተንዘረፈፈ፣ እንደነበረ ትነግረን ነበር። ውርጭ እንዳይመታው ሲመሽ የማዳበሪያ ጆንያ ማልበስ የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ጊዜ አያቴ ለለቅሶ ጮሌ ሄደች። አባቴ የስንዴ ነጋዴ ነው፤ በማግስቱ ዶማ የያዘ ሠራተኛ ይዞ መጣ። "እዚህ ጋ መጋዘን ይሠራል" አለ።

"አያቴስ?" አልኩት።

"ስትመጣ እነግራታለሁ።"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሮጬ ገብቼ የአያቴን ሲንቄ አወረድኩ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር የሚሰጣት በትር ነው፤ በአገራችን ወንድ እሱን አልፎ አይሄድም፤ ካለፈ እርግማኑ ለልጆቹ ይተርፋል ይባላል። ችግኙ ጎን ቸከልኩት።

ሽማግሌው ሠራተኛ ዶማውን ጣለ። "ወላሂ አልነካም! ልጆች አሉኝ" አለ።

"ንቀይው!" አለ አባቴ።

"አልነቅልም!"

ራሱ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ ሽንት ቤት የሚሄደው በጓሮ ዞሮ ነበር።

አያቴ መጥታ በትሩን አየች፣ ችግኙን አየች፣ ከዚያ እኔን። ትገርፈኛለች ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አንቺ፣ መቼ ነው ያገባሽው?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። ወደ አባቴ ዞራ ግን አልሳቀችም። "እሷስ ልጅ ናት። አንተ ምን ነካህ?"

አባቴ ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። መጋዘኑም አጥሩ ጥግ ተሠራ።

ዛፉ ከጣሪያችን ሳያልፍ፣ አንድም አበባ ሳታይ አያቴ ሞተች። አሁን እንግዳ "ማን ተከለው?" ሲል አባቴ ዓይኑን ሳያሽ "እኔ ነኛ!" ይላል። ጉድ እኮ ነው!

ዛሬ ጠዋት ግን አበባውን ከሻዬ ሳወጣ አየኝና እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው።

"ልክ እንዳለችው ቀይ ነው" አለኝ።