የትምህርት ቤታችን ሁለተኛ ደወል

ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩበት የሰቆጣው ትምህርት ቤታችን ደወሉ የመድፍ ቀለሃ ነው። በከተማው አስጎብኚነት በምሠራበት ጊዜ አገር ሰላም ነበር፤ ወንድሜ ጌታሁንም ድንበር ላይ ወታደር ነበር። አንድ ቀን ከተማውን የማስጎበኘው እንግዳ፣ የውጭ መሣሪያ ፋብሪካ ወኪል ነኝ የሚል ሰውዬ፣ ቀለሃውን ዳበሰና የተቀረጸበትን ቁጥር አነበበ።

«የኛ ነው» አለ።

«ሊወስዱት ነው እንዴ ጌታዬ? ልጆቹ በምን ሊገቡ?» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀም። ማስታወሻውን ገልጦ በሦስት ሰባት የሚያልቅ ሌላ ቁጥር አሳየኝ። «ይኼኛው ገና ይመጣል። ባለሥልጣኖቹን አሳምነናል፣ ግዢው አልቋል። የቀረው ጠቡ ብቻ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«እሱንም እያየንበት ነው።»

በዓመቱ ጦርነት ተነሳ። ጌታሁን አንድ እግሩን እዚያው ትቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ደወል ይሆናል ብሎ አንድ ቀለሃ ይዞ ተመለሰ። ገልብጬ አየሁት። ሦስቱ ሰባት ተደርድረዋል።