የሙሴ ፔፔ አበልጆች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ደብረ ታቦር በመምህርነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የስብሰባዎቻችንን አጀንዳማ ገና ስብሰባው ላይ እያለሁ ነበር የምረሳው። ይህን ግን ልርሳ ብልም ባለቤቴ አታስረሳኝም። በተናደደች ቁጥር «ያ ሽማግሌ ጣሊያን ባይኖር ኖሮ አንተን ከማግባት እተርፍ ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። እሷ የይፋግ ልጅ ናት፤ በትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ሆና ስትሠራ ተዋወቅን። አባቷ መጀመሪያ ላይ እምቢ ብለው ነበር። «ዘሩ የማይታወቅ የባቡር አገር ልጅ» ነበር ያሉኝ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው እሺ ያሉት። ሠርጉ የጥር የመጨረሻው እሑድ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀጥሎ ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። አማቼ ደግሞ ሰው ልከው እንዲህ ብለውኛል፤ «እሑድ ካልመጣ ሞቷል ብዬ ልቅሶ እቀመጥለታለሁ። ለሞተ ሰው የምሰጣት ልጅ የለችኝም።»

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው የፖለቲካ ካድሬው ጓድ ታደለ ትምህርት ቤታችን መጣ። ቅዳሜ የሚጀምር የሦስት ቀን ሴሚናር አለ፣ አንድም መምህር ከከተማ አይወጣም አለን። በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት የወረታን ኬላ ማለፍ የማይታሰብ ነው። ይለፉን የሚፈርመው ደግሞ ራሱ ታደለ ነው።

ቢሮው ሄጄ ለመንኩት። ማኅተሙን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ አዳመጠኝ። ጸሐፊውን ስለማያምን ማኅተሙን ተሸክሞት ነው የሚውለው ይባል ነበር።

«ጓድ መምህር» አለኝ በመጨረሻ፣ «ድግስና ቄስ የፊውዳል ትርፍራፊ ነው። አብዮቱ ሙሽራ አይጠብቅም።» ማኅተሙን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሌላ ምን እሠራለሁ? የቤት አከራዬ እትየ ጥሩነሽ ገና ከደጅ ስገባ ፊቴን አይታ ኖሮ ተከትላኝ ገባች። የሆንኩትን ስነግራት ምንም አልደነቃትም።

«ታዲያ ወደ ሙሴ ፔፔ አትሄድም? እዚህ አገር ታደለ የሚፈርመው ሙሴ ያለውን ነው።»

ሙሴ ፔፔን በስም አውቀው ነበር፤ የማያውቀው አልነበረም። በጣሊያን ጊዜ የካሚዮን ሾፌር ሆኖ መጣ፣ ጣሊያን ሲወጣ እሱ ቀረ። የአገሩን ሴት አገባ፣ ለማግባትም ተጠምቆ ወልደ ሥላሴ ተባለ። ወፍጮ ተከለ። ደርግ ሲመጣ ወፍጮውን ወረሰበት፤ በሳምንቱ ሞተሩ ቆመ፣ የሚያስነሳውም ጠፋ። ስለዚህ ሙሴ ፔፔ በገዛ ወፍጮው ተቀጣሪ መካኒክ ሆነ። ይህ የሚታወቀው ነው። የማይታወቀው፣ የተወረሰ ሽማግሌ እንዴት አድርጎ ከተማዋን በመዳፉ እንደያዘ ነው። እስረኛ ያስፈታል፣ ሹመኛ ያዛውራል ይባላል። አንዳንዱ በአገሩ የሽፍቶች አለቃ ነበር ይላል፤ አንዳንዱም ሰው ገድሎ ነው የመጣው ይላል። እኔ ናዝሬት ሲኒማ ቤት ያየኋቸው የጣሊያን ማፊያዎች ስለነበሩ ሁለቱንም አመንኩ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ብዬ አንድ ጠርሙስ አረቄ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የጠበቅኩት ባርኔጣ የደፋ፣ ጠባቂዎች የከበቡት ሰው ነበር። ያገኘሁት ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ በመዶሻ የወፍጮ ድንጋይ ሲወቅር ነው።

ከኔ ፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር ደርሶ ኖሮ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ በየስብሰባው ሃይማኖት የሰነፎች መደበቂያ ነው እያለ የሚጮኸው እሱ ነው።

«የዚያችን መበለት ቤት መልስላት» አለው ሙሴ ቀና ሳይል።

«እሺ አበልጄ» አለ ሊቀ መንበሩ፣ በሹክሹክታ። ግራ ቀኙን አይቶ ወጣ።

አበልጅ? ክርስትና ያነሣና ልጁን ክርስትና ያስነሣ አይደሉም እንዴ አበልጅ የሚባሉት? ሊቀ መንበሩ ከማን ጋር ነው ቤተ ክርስቲያን የሄደው? ነገሩ አልገባኝም፤ ለማሰብም ጊዜ አላገኘሁም፣ ተራዬ ደረሰ።

ጉዳዬን ነገርኩት። አረቄውን ዘረጋሁለት፤ ወደ ጎን አደረገው። አማርኛው የደብረ ታቦር ነው፤ ከኔ ይልቅ እሱ ነው የአገሬው ሰው የሚመስለው።

«ምስጢር ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ፣ አባባ።»

«ሁሉም እንዲያ ይላል። መጨረሻ የነገሩህ ምስጢር ምን ነበር?»

አሰብኩ። «አልናገርም» አልኩት።

«ጎሽ። እንግዲያው ጸሎተ ሃይማኖት ታውቃለህ?»

«ድሮ አውቅ ነበር።»

«ዛሬና ነገ አጥናው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወንዙን ተሻግረህ ያለችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ና። አዲስ ነጠላ ያዝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።» ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰውን ጸሎት አጥና፣ አዲስ ነጠላ ያዝ፣ ብቻህን ና የሚሉት ለምንድን ነው? እኔ የታየኝ መግነዝ ነው። የትኛውን ባለሥልጣን አስቀይሜ ይሆን እያልኩ ሁለት ቀን አሳለፍኩ። የውይይት ክበባችንን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን የማነበንብ ሰው «ሁሉን በያዘ በአንድ አምላክ እናምናለን» ላይ እየተደናቀፍኩ ሳጠና እትየ ጥሩነሽ በር ላይ ቆማ ትሰማኛለች። ስትስቅ ይሰማኛል፤ ለምን እንደምትስቅ ግን አትነግረኝም።

ላለመሄድ አስቤ ነበር። ነገር ግን ብቀር እሑድ ይፋግ ላይ ሙሽሪት ተሸልማ ስትጠብቅ፣ አማቼ ወደ መንገዱ ሲያዩ ይታየኛል። ከሞትኩስ ሞክሬ ልሙት ብዬ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሙሴ ፔፔ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። አጠገቡ ሕፃን የታቀፈች ወጣት ሴትና አንዲት አሮጊት አሉ። ሴትዮዋን አላውቃትም።

«አርባ ቀኑ ዛሬ ነው» አለኝ ሙሴ። «አንተ ታነሣዋለህ። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ፤ የባለፈውን ልጥለው ምንም አልቀረኝ። የከተማው ሰው ደግሞ አፉ ወንፊት ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። አልሞትም ማለት ነው። ሕፃኑን ተቀበልኩ። ወደ ምዕራብ ዞሬ በሱ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩ። ጸሎተ ሃይማኖቱን ሁለት ቦታ ላይ ስስት ቄሱ እያረሙኝ ጨረስኩ። ሕፃኑ ውኃው ሲያገኘው የጮኸው ጩኸት ወንዙን ሳይሻገር አልቀረም። ማተቡን ካሰሩለት በኋላ በአዲሱ ነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ።

«አባቱ በግንቡ ዞሮ ነው ያለው፤ ወስደህ አስረክበው» አለኝ ሙሴ፣ እሱም ተከተለኝ።

በግንቡ ሥር ጋቢ እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ቆሟል። ቀርቤ ሕፃኑን ስዘረጋለት ጋቢው ከፊቱ ወረደ። ጓድ ታደለ ነበር።

እሱ አየኝ፣ እኔ አየሁት።  ልጁ እኔ እጅ ላይ ነው፤ ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ እዚያው ቀርቷል። ከሦስት ቀን በፊት ስለ ቄስና ስለ ፊውዳል የነገረኝ ሁሉ በመካከላችን ቆሟል። ፊቱ ዓመድ መሰለ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው።

«ምን ትተያያላችሁ፣ ተሳሳሙ እንጂ» አለ ሙሴ። «አበልጆች ናችሁ።»

ተሳሳምን። ጉንጩ ቀዝቅዟል።

«አበልጅህ ነገ ይፋግ ላይ ሠርግ አለው» አለው ሙሴ።

ታደለም ጋቢውን መልሶ እየተከናነበ፣ «ሴሚናሩ ግን...»

«ሙሽራ ሴሚናር የለውም።»

አበልጅ እምቢ አይባልም። ካድሬም ቢሆን የበጌምድር ልጅ ነው፤ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ወረቀት አወጣ። የጉዞ ምክንያት በሚለው ላይ «ለአስቸኳይ አብዮታዊ ግዳጅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱን በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ አስደግፎ መታበት። ባለቤቴ ያንን ወረቀት እስካሁን አስቀምጣዋለች፤ አስቸኳይ ግዳጅ መሆኗን እንዳልረሳ።

ሙሴ በወፍጮ ቤቱ አሮጌ ካሚዮን ራሱ እየነዳ ወሰደኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የእጁ መንቀጥቀጥ መሪውን ሲይዝ እንደሚተወው አየሁና ትንሽ ተረጋጋሁ። እኔም ደፍሬ፣ በአገርህ የሽፍታ አለቃ ነበርክ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልተቆጣም።

«አለቃው አጎቴ ነበር» አለኝ። «ሲሲሊ ነው አገራችን። ከንቲባው ጠዋት ጠዋት እጁን ሊስም ይመጣ ነበር። እኔ ደብዳቤ አድራሽ ነበርኩ። አንድ ቀን ያደረስኩለት ሰው በማግስቱ ተገድሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አጎቴን የማላገኝበት አገር ፈለግሁ። ወታደር ሆኜ መጣሁ።» ማርሽ ቀየረ። «ሹም ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። አጎቴ በዚያ ያስፈራራቸው ነበር። እኔ አብሬያቸው እደብቃለሁ። አየህ፣ ይኸኛው ይሻላል፤ ሰውም አይሞትበት፣ ወዳጅም ያበዛል።»

የወረታ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ካሚዮኑን ገና ከሩቅ ሲያዩ ገመዱን አወረዱት። ያን ያህል የተሠቃየሁበትን ወረቀት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ሁለቱ ሚዜዎቼ ሴሚናር ላይ ታግተው ስለቀሩ እሑድ በሰባ ዓመቱ ሚዜዬ የሆነው ሙሴ ነው። የሙሽሪት ወገኖች አናስገባም ብለው በር ላይ ሲገጥሙን በከዘራው መንገድ አስከፈተልኝ። አማቼ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና «የልጁ ዘመድ የታለ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አላቸው።

ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አዩት። ሙሴም «መልኩ በእናቱ ወጥቶ ነው» አላቸው። አማቼ በዚያ ቀን ሲስቁ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን ያየሁት።

ሙሴ ፔፔ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ሳይጋመስ ዐረፈ። ባለቤቴ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ቀብሩ ላይ ከተማው በሙሉ ወጣ። ሹማምንቱም መጡ፤ ወፍጮ ቤቱን ወክለን ነው እያሉ፣ ራቅ ራቅ ብለው ቆሙ። ፍትሐቱ ሲያልቅ ቄሱ ምንም ሳያስቡ «የክርስትና ልጆቹ መስቀሉን ተከትላችሁ ቅረቡ» አሉ።

ልጅ ፖለቲካ አያውቅም። ከየአቅጣጫው ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የሊቀ መንበሩ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀረቡ። የደኅንነቱ ኃላፊ ልጅ ቀረበ። የአውራጃው አስተዳዳሪ የመጨረሻ ልጅ ከሠራተኛቸው እጅ አምልጦ እየሮጠ ቀረበ። መቁጠር አቃተን። አባቶች አንዱ አንዱን ያያል፣ መልሶ ሰማዩን ያያል። ስንት ዓመት አንዱ ሌላውን ፈርቶ በጎህ ሲሸሸግ ኖሯል፤ ሁሉም ግን የተሸሸገው አንድ ቦታ ነው። ታደለ አጠገቤ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ በጋቢው አፉን ይዞ እየሳቀ ነበር። ቀጥሎ ግን እውነትም አለቀሰ። በዚያ ቀን ማንም ማንንም አልከሰሰም።

የኛ ልጅ ጥር ላይ ተወለደ፣ ወንድ ነው። ታደለን ክርስትና አንሣልኝ አልኩት። በጎህ፣ ወንዝ ተሻግረን እንደምንሄድ እየነገርኩት ሳለ አቋረጠኝና «በገበያው በኩል ነው የምንሄደው» አለኝ። በአርባኛው ቀን ነጠላውን መስቀልያ አጣፍቶ፣ ልጄን ታቅፎ፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያተኛው መሃል አለፈ። ሰው ሁሉ እየተነሣ እጅ ነሣው። በወሩ ከሥልጣኑ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር ተመደበ። ተጸጽተህ እንደሆነ ብዬ ብጠይቀው አበልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም ብሎ ተቆጣኝ።

እኔን ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሠርጉ በኋላ ሙሴ ፔፔን በወፍጮ ቤቱ ደጅ ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። ለፋሲካ ሄጄ አመሰግነዋለሁ አልኩ፣ ከዚያ ለእንቁጣጣሽ አልኩ። እሱ ድንጋዩን እየወቀረ እጁን ያነሣልኛል፣ እኔም አነሣለሁ። ሳላመሰግነው ሞተ።