ለሀያት ጌም የገዛሁት የተሳሳተ ማገናኛ

የልጅ ልጄ ሀያት ዛሬ ጌሟን አቅፋ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች።

"ጌሙ ከሠራ ክረምቱን እዚሁ መካነ ሰላም ከእርስዎ ጋር እቆያለሁ" ብላኝ ነበር።

ጌሙ የሚፈልገው ኤችዲኤምአይ የሚሉትን የአዳዲስ ቴሌቪዥኖች መሰኪያ ነው፤ የእኔ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ያለው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ማገናኛ ከወረኢሉ በሚኒባስ አስመጣሁ። በሁለቱም በኩል ተሰካ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ።

"አባባ፣ ይሄ ከድሮ ዕቃ ወደ አዲስ ቲቪ ነው የሚያሳልፈው። በተቃራኒው አይሠራም" አለችኝ።

የውሃ ጎማ እንኳ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል፤ በምን ልወቅ?

"እንዳንቺው ነዋ፤ መሄድ እንጂ መመለስ አያውቅ" አልኳት። ሳቀች፤ ሻንጣዋን መዝጋቷን ግን አላቆመችም።

ትክክለኛውን አዝዣለሁ፤ ማን እንደሚሰካው እንጃ።

እናንተስ፣ የተሳሳተ ኬብል ገዝታችሁ ሰው ያመለጣችሁ አላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ቤቱ ጭር ብሏል።