«ይቅር» የሚለው ቁልፍ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው ሥራውን የጀመርኩት። ቢሮው ጎንደር፣ ቁስቋም መንገድ ላይ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ጫማዬ ርሶ ስለነበር በር ላይ አውልቄ ገባሁ፤ የመጀመሪያ ቀኔን በካልሲ ዋልኩ።

ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ፣ ውልና ኑዛዜ ተይቤያለሁ። ሦስት ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው። አንድ ቀን ዮናታን የሚባል ወጣት የስልክ ጌም ጽሑፍ ሊያስተይብ መጣ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች «ደፋሩ ተጓዥ ሆይ፣ ምን ላገልግልህ?» እየተባባሉ ይነጋገራሉ።

«ይህን የምትለው ማን ናት?» አልኩት።

«ጠላ ሻጯ።»

«ጠላ ሻጭ እንዲህ አትልም።»

«ታዲያ ምን ትላለች?»

«‹ግባ እንጂ፣ ምነው ቆምኸ› ትላለች።»

በሳምንቱ ተመልሶ ሥራ ሰጠኝ። መደቤ «የንግግር አርታዒ» ተባለ። ከኔ በላይ ዮናታን፣ ከጎኔ ፕሮግራሙን የምትጽፈው ሕይወት ነበረች። ሁለቱም በዕድሜ ከኔ ስለሚያንሱ «እቴቴ» ይሉኝ ነበር።

ጌሙ «ሰባት ዳገት» ይባላል። ተጫዋቹ አንድን የደጋ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ሰው ሲያናግረው ከቀረቡለት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ ታሪኩም በመረጠው መንገድ ይሄዳል።

ሥራውን ከመቀበሌ በፊት የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነበር። «ጨዋታው ሰው ያስገድላል ወይ?» አሉኝ።

«ከፈለገ ይገድላል አባቴ፣ ካልፈለገ ይተዋል። ምርጫው የተጫዋቹ ነው።»

«መምረጥማ ከአዳም ጀምሮ ያለ ነው» አሉና ፈቀዱልኝ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ያስቸግራል። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለትልቅ ሰው የሚባለው ለየብቻ ነው። በሠንጠረዤ ላይ እያንዳንዱ ንግግር ሦስት ዓምድ ነበረው፤ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»። አንዱን ዓምድ ከረሳሁ ሽማግሌው ሴቲቱን ተጫዋች «ልጄ፣ ና ተቀመጥ» ይላታል። እንዲህ ያለ ስህተት በየቀኑ አርማለሁ።

የቁልፎቹን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዕቃ ሊገዛ የነበረ ተጫዋች ሐሳቡን ሲለውጥ የሚነካው አንድ ቁልፍ አለ። ሕይወት «ሰርዝ» ብላ አስቀምጣው ነበር።

«ሴት ስትጫወትስ ‹ሰርዢ› ይሁን?» አልኳት።

«ለአንድ ቁልፍ ሁለት ስም? እቴቴ፣ በማርያም!»

አሰብኩና «ይቅር» አልኳት። ወንድና ሴት አይለይም፤ አጭር ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። በሱቁ፣ በበቅሎ መሸጫው፣ በጉዞው ገጽ ሁሉ ከታች በግራ በኩል «ይቅር» ተጻፈ።

ከስምንት ወር በኋላ የታሪኩን መጨረሻ ጻፍኩ። ደርሶ የሚባል መንገደኛ የተጫዋቹን አባት ገድሎ ሸሽቷል። በሰባተኛው ዳገት ላይ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ይመጣና ተጫዋቹ እግር ላይ ይወድቃል። ያኔ ለተጫዋቹ ሁለት ቁልፎች ይቀርቡለታል። በቀኝ «ደም ይመለስ»፣ በግራ «ይቅር»።

ሁለቱም ወንድና ሴት አይለዩም። ሸጋ ጻፍኩ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። የሱቁን «ይቅር» እና የእርቁን «ይቅር» አንድም ቀን ጎን ለጎን አላየኋቸውም። ቢሮ ውስጥ የሞከርነው ሁላችን ታሪኩን ስለምናውቀው ማናችንም አልተሳሳትንም።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «የመረጡት ይከተልዎታል» የሚል መስመር ጨመርኩ። ክፍል ሁለት ሲወጣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ምርጫ አብሮት እንደሚሻገር የተገባ ቃል ነው። ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ክፍል አንድ ወጣ። ሰው ወደደው። ክፍል ሁለትን ስንሠራ ጥቂት የድሮ ተጫዋቾችን፣ የቀድሞ ጨዋታቸው ከተቀመጠበት ስልክ ጋር፣ ለሙከራ ጠራን። መጀመሪያ የመጣችው ትዕግሥት የምትባል፣ ከጎንደር አለፍ ብላ ካለችው ፀዳ የመጣች ልጅ ናት፤ የኮሌጅ ተማሪ። ከፈተችው፤ የተጫዋቿ ቤት ታየ፤ ደርሶም እሸት ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ይኼ ሰውዬ ምነው ደጄ ላይ ቆመ?» አለች።

«ጎረቤትሽ ሆኗል» አላት ዮናታን።

«አባቴን የገደለው?»

«ይቅር ብለሽዋል እኮ።»

«እኔ? መቼ?» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጎራዴዬ ቤት ቀርቶ ነበር። ጎራዴዬን ይዤ ልምጣ ብዬ ‹ይቅር›ን ስነካው ሽማግሌው ሁሉ ተቃቅፎ አለቀሰ! ጌሙ ተበላሸ ብዬ ነው የተውኩት።»

ሕይወት ሳቀች። ዮናታንም ሳቀ። እኔ ሠንጠረዤን ከፍቼ «ይቅር» የሚለውን ቃል ፈለግሁ። ሱቁም እርቁም አንድ ላይ ወጡ። ቁልፉም በሁለቱም ቦታ በግራ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

በዚያው ቀን ሌሎች ተጫዋቾችን ጠየቅን። እንደ ትዕግሥት የሆኑ ነበሩ። አስበው ይቅር ያሉም ነበሩ። ሕይወት የተቀመጡትን ጨዋታዎች ከፍታ አየች።

«በማሽኑ ላይ ልዩነት የላቸውም» አለች። «አውቆ ይቅር ያለውም፣ ወደ ኋላ ልመለስ ያለውም ‹አንድ› ተብሎ ነው የተጻፈው።»

ዮናታን ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ጠራ። «ደርሶን እንግደለው» አለ።

«ማነው የሚገድለው?» አልኩት።

«እኛ። ክፍል ሁለት ሲጀምር ታሞ ሞቷል እንላለን። ደሙን የመለሰውም፣ ይቅር ያለውም፣ የተሳሳተውም አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አንቺም ሁለት ታሪክ ከመጻፍ ትድኛለሽ።»

«የመረጡት ይከተልዎታል ብለናል።»

«ምን እንደ መረጡ የማናውቀውን እንዴት እናስከትል? እስከ ዓርብ ሌላ መላ ካመጣሽ እሰማለሁ። አለዚያ ደርሶ ይሞታል።»

ለሱ የሥራ ጉዳይ ነው። አልፈረድኩበትም።

ማክሰኞ አያ ሙሉ መጡ። አይከልና ጎንደር መካከል ሚኒባስ የሚነዱ፣ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው። ተራ ሲጠብቁ በስልካቸው ይጫወታሉ። ከፍተው ደርሶን ሲያዩት «ደህና ዋልኸ ደርሶ» አሉት፤ ስልኩን።

ረፋዱን ከደርሶ ጋር ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ ዮናታን ለሙከራ ያህል «ደርሶ ሞቷል ብንል ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አያ ሙሉ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይህን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አያ።»

«እኔ ያን ድንጋይ የተሸከመ ሰው ፊቴ አቁሜ አራት ቀን ቆይቻለሁ። መኪናው ሰው እስኪሞላ ከኪሴ አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ረዳቴ ‹አያ፣ ስልክዎ ተበላሸ እንዴ? ሥዕሉ አይነቃነቅም› እያለ ሲስቅብኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ይቅር አልኩት። አሁን እናንተ ገድላችሁ ስትቀብሩት የኔ ይቅርታ የት ይገባል?»

«ጨዋታ እኮ ነው አያ» አለ ዮናታን።

«ጨዋታ ከሆነ ምነው አራት ቀን አቆማችሁኝ?»

አያ ሙሉ ወረፋቸው እንዳያልፍ ተነሥተው ሄዱ።

ሁለት ቀን ጻፍኩ፣ ደለዝኩ። ደርሶን ለሁሉም ባኖረው በትዕግሥትና በመሰሎቿ ላይ ያላሉትን ይቅርታ መጫን ነው። ለሁሉም ብገድለው የአያ ሙሉን ማፍረስ ነው። ሁለቱን ያደባለቀው የኔ አንድ ቃል ነበር።

ሐሙስ ማታ ሴቶች ልጆቼ በስልክ ቻርጀር ተጣሉ። ታናሿ እንድትታረቅ አዘዝኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ይቅር በቃ» አለች።

«ምኑ ነው ይቅር?» አልኳት።

«ቻርጀሩ።»

«ዞረሽ ሙሉውን በይ።»

ዞረች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፣ እየከበዳት።

እኔ ልጆቼን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማስታርቃቸው። አባቴም ሰው ሲያስታርቅ እንዲሁ ነበር። የተበደለው «ይቅር» ቢል ብቻውን አይቀበልም፤ «ለማን ብለህ?» እያለ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። በቤቴ የማልቀበለውን ግማሽ ቃል በቁልፍ ላይ ጽፌ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለዮናታንና ለሕይወት አዲሱን መግቢያ አነበብኩላቸው። ክፍል ሁለት ሲጀምር ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ተጫዋቹ ቤት ይመጣሉ። ትልቁ እንዲህ ይላል፦ «ያን ቀን ይቅር ስትል ሰማንህ። ምኑን ይቅር እንዳልህ፣ ለማን ብለህ ይቅር እንዳልህ ግን አልጠየቅንህም። ጥፋቱ የኛ የሽማግሌዎቹ ነው።» ከዚያ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። መልሶቹ ሁለት ናቸው፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እና «ይቅርታ ከአፌ አልወጣም»።

ሕይወት «ማሽኑ የማያውቀውን ራሱን ባለቤቱን መጠየቅ ነው» አለች። «ይሠራል።»

ዮናታን ወረቀቱን ተቀብሎ ደግሞ አነበበው። «ሁለት መንገድ ልትጽፊ ነው ማለት ነው።»

«እጽፋለሁ።»

«ደም የመለሱትስ?»

«እነሱ ዘንድ ሽማግሌ አይመጣም። የነሱን ቁልፍ ማንም አልተሳሳተውም።»

«እሺ» አለ። ክፍል ሁለት የሚወጣበትን ቀን በሦስት ወር አራዘመው። ስለዚህ ነገር እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ሁለቱም መንገዶች ሲያልቁ ሁለቱን ተጫዋቾች በአንድ ቀን ጠራናቸው። ትዕግሥት ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ «ይቅርታ ከአፌ አልወጣም» አለቻቸው። ደርሶ ድንጋዩን መልሶ ተሸክሞ ዳገቱን ወረደ።

«ሸጋ!» አለች። ትንሽ ተጫወተችና ቀና አለች። «ወንዙ ሞልቷል። ማን ያሻግረኛል?»

«ያሻግርሽ የነበረው ደርሶ ነበር» አልኳት።

«እንግዲህ እዋኛለሁ» አለችና ቀጠለች።

አያ ሙሉ የሽማግሌዎቹን ንግግር ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ሁለተኛ ልትጠይቁኝ ነው?» አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው።

«ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይጠይቅ የለም ወይ አያ?»

«እሱስ ይጠይቃል።» ስልኩን ይዘው ተነሡ። «ያኔ መንገደኛ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ነው፤ አመሉንም አውቄዋለሁ። ይኼ ይከብዳል።»

ወደ ደረጃው ወጡ። ከውጭ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ስልኩን ለሕይወት ሰጧት፤ ለሙከራው የተጫወቱትን ወደ ማሽኗ ገልብጣ መለሰችላቸው።

«ምን መረጡ አያ?» አለ ዮናታን።

«የጠየቁኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንተ ምን አገባህ?»

ሲሄዱ ዮናታን «ከፍተሽ እይው፣ አንድ ቁጥር ናት» አላት ሕይወትን። እሷ ወደኔ አየች። «እኔ ለማየት አልፈልግም» አልኩ። ሕይወትም ፋይሉን ሳትከፍተው ወደኔ ኮምፒውተር ላከችው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ለቁልፍ ቃል ስታወጡ ያ ቃል ሌላ የት እንደ ተጻፈ ፈልጉ። የሰው ምርጫ ግልጽ ካልሆነላችሁ አትገምቱ፤ መልሳችሁ ጠይቁት።

በማግሥቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ቢሮ ገባሁ። በሱቁ፣ በበቅሎ መሸጫውና በጉዞው ገጽ ያለውን «ይቅር» ሁሉ «መመለስ» ብዬ ቀየርኩ። መሥራቱን ላረጋግጥ የአያ ሙሉን ጨዋታ በአዲሱ ቅጂ ላይ ጫንኩት፤ ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ሲወጡ የሚታየው ሥዕል መጣ። ደጃፉ ላይ ማን እንዳለ ከመታየቱ በፊት ዘጋሁት። ኮምፒውተሬ ላይ የቀረውን ግልባጭ አጠፋሁና ቅጂውን በሚሞሪ ካርድ አድርጌ በአይከል መኪና ላክሁላቸው።