ረቡዕ፣ በኩባዎቹ ዳቦ ቤት

ጋሼን ከቤት ለማውጣት ዓመት ሙሉ ሞክሬያለሁ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ኬንሲንግተን ሰፈር ካለው ፍላት ቤታቸው የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ። ስደውል «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ስሄድ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ እንደበራ ነው፣ ምሳውም እንደቀረበ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ሰው በዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ አየሁ፤ ፈራሁም።

እዚህ አገር አዲስ መጤ ሳለሁ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። መኝታ ቤታቸውን ለኔ ለቀው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ስምንት ወር ተኝተዋል። ባቡርና ትራም እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። መኪናቸውን ከሰው አጥር ጋር ሳላትመው እንኳ «አጥሩ ነው የተጠጋሽ» ብለው አለፉት። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ተደርጎ ይመሰገናል?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰው ተሰልፎ የሚገባበት የኩባዎች ዳቦ ቤት መኖሩን ስትነግረኝ ታዲያ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ጋሼ አባታቸው ጦር ሜዳ ሲቀሩ፣ በደርግ ጊዜ በመርከብ ኩባ ተልከው ካደጉት ልጆች አንዱ ናቸው። ግማሽ ቀን ብርቱካን እየለቀሙ፣ ግማሽ ቀን እየተማሩ ነው ያደጉት። ስለዚያ ዘመን ብዙም አያወሩም። የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ የዘይቱን ፍሬ (የጓቫ) ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ደብቃ ትሰጣቸው እንደነበር የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ከሥራ ኦፍ ነኝ፤ አንድ ቦታ እወስድዎታለሁ፣ እምቢ እንዳይሉኝ» አልኳቸው በስልክ። ትንሽ ቆይተው «እሺ ልጄ» አሉ። ከደስታዬ ብዛት የቆዩበትን ምክንያት አልጠየቅሁም።

በባቡር መሃል ከተማ ገብተን፣ ከዚያ በትራም ሄድን። ሰልፉ እውነትም እስከ መንገድ ወጥቷል። ውስጡ የቅቤና የተቃጠለ ስኳር ሽታ አለው፤ መስታወቱ ውስጥ በማርማላታ የተሞሉ፣ በአይብ የተሞሉ፣ እንደ ሳምቡሳ የታጠፉ ኬኮች ተደርድረዋል። ሽማግሌዎችና ተማሪዎች እኩል ይጋፋሉ። እኔ ጭንቀቴ አሳማ ብቻ ነበር። የታወቀው ሳንድዊቻቸው የአሳማ ሥጋ እንዳለበት ሰምቻለሁና፣ ዶሮ ያለበትን አዝዤ፣ አሳማ እንዳይነካው ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። የምታስተናግደው ልጅ ሦስት ጊዜ ማለች። በጥንቃቄዬ ኮራሁ።

ምግቡ መጣ። እኔ ግማሹን ሳንድዊች ሳነሳ ጋሼ እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር አደረጉ። «ይብሉ እንጂ» አልኳቸው። «ይቀዝቅዝ» አሉ። ቡናውን አስጠጋሁላቸው። «እሱም ይቀዝቅዝ።» ሳንድዊቼን ጨረስኩ፤ ቡናው ቀዘቀዘ፤ እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም። ደሜ ፈላ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለማን ብዬ ነው?» አልኩ፣ ሰው እስኪዞር። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ያኔ ከመጋገሪያው በኩል አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ መጡ። የቤቱ ባለቤት ናቸው። ያልተነካውን ሳህን አይተው ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል፤ ምን ጎደለው ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ጋሼ ቀና አሉ፤ በስፓኒሽ መለሱላቸው። መጀመሪያ አንድ አንድ ቃል ነበር፤ ከዚያ ግን አላቆሙም። ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንዲያ ሲናገሩ ከሰማኋቸው ስንት ጊዜ ሆነኝ።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞረው በእንግሊዝኛ «አጎትሽ ዛሬ የጾም ቀናችሁ ነው ይላል» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ምንም አይቀምስም፣ ከዚያም በኋላ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ አይበላም። ደስ እንዳለሽ ስላየ ግን ሊነግርሽ አልቻለም።»

ረቡዕ ነበር። በሺፍት የሚሠራ ሰው ቀን የሚያውቀው በሮስተር፣ በሥራ ተራ ሰሌዳው ነው፤ ከአሳማው ስጠነቀቅ ረቡዕ አመለጠኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። እሳቸው ግን ከስልኩ ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ለኔ ለመንገር የጨነቃቸውን ለማያውቋት ሴት ነገሩ። የዶሮ ሳንድዊች ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ፣ አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ።

ሴትዮዋ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን አንድ በአንድ ጠይቀው ገቡ። ቤቱ የሚዘጋው በፈረንጁ ሦስት ሰዓት፣ በኛ ዘጠኝ ነው፤ ጋሼም እህል የሚቀምሱት ያኔ ነው። ሌላው ሰው ወጣ፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቀሉ፣ የኛ ብቻ ቀረ። ልክ ዘጠኝ ሲሆን ሴትዮዋ ለራሳቸው ምሳ የያዙትን ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ፣ በዘይት የጠበሱትን ጥሬ ሙዝ፣ ከጎኑም በቢላ የሚቆረጥ ደረቅ የዘይቱን ማርማላታ ይዘው መጡ።

ጋሼ ተነስተው አማተቡ፣ አባታችን ሆይ አሉ። ሴትዮዋም እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ጋሼ መጀመሪያ ያነሱት ማርማላታውን ነበር። ቀስ ብለው አላመጡት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ ሳህኑን እስከ ታች በሉት። ሲበሉ እያየሁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ሴትዮዋንም አመሰገንኩ፤ ተነስቼም ሳምኳቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው ኋላ ጋሼን።

«ዓመት ሙሉ ለምነሽኝ፣ እሺ ባልኩሽ ቀን ምን ብዬ ልመልስሽ?»

ልንወጣ ስንል ጋሼ መስታወቱ ጋ ቆመው፣ የማርማላታውን ኬክ እያሳዩ ሴትዮዋን አንድ ነገር ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፣ በጣታቸው ሰባት አሳዩ። ምን እንደጠየቁ ጠየቅኋቸው።

«ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚከፍቱ ነዋ። ነገ ሐሙስ ነው።»

«ነገ እኮ ሥራ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ሥራሽን ግቢ» አሉ፣ ኮፍያቸውን እየደፉ። «ትራሙን አይቼዋለሁ።»