አባቴ የለመነው አንድ ክረምት

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት የምህንድስና ማስመሰያ ሶፍትዌር ታደሰ። የአዳዲሶቹን ነገሮች ዝርዝር እንደ ወትሮዬ ልዘለው ስል አንዱ ላይ ዓይኔ ቀረ፤ እንጨት ሸክም ተሸክሞ ለወራት ሲቆይ፣ ሲርስና ሲደርቅ፣ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ያሳያል። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ "ጉድ ነው!" አሉ። እኔ ያደግሁበት መካነ ሰላም ትዝ አለኝ።

አባቴ ቄስም አናጢም ነበር። በደርግ ጊዜ፣ አንድ ሰኔ ላይ፣ የገበሬ ማኅበሩ ወደ ከላላ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ የእንጨት ድልድይ እንዲሠራ አዘዘው። እሱ ደግሞ የራሱ ሙከራ ነበረው። ከሚሠራበት ባህር ዛፍ አንዱን ደጃችን ላይ በሁለት ድንጋይ ያጋድማል፤ መሐሉ ላይ ሸክም ይጭንና ከሥሩ ችካል ይተክላል። እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ መስከረም ሲጠባ ችካሉን ከነካ፣ ቀጭን ነው ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን "ቄሱ ግንዱን ሱባኤ አስገቡት" እያሉ ይስቁበት ነበር።

"ይህችን ክረምት ብቻ ታገሡኝ" ብሎ ለመነ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ድልድዩ መስከረም ሁለት ለሚከበረው የአብዮት በዓል እንዲደርስ ፈልጓል።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነው፤ ፊዚክስ አወቅሁ ብዬ እግሬ መሬት አይነካም። ግንዱን በገዛ እጄ ለክቼ፣ አስልቼ፣ ደብተሬን ይዤ ስብሰባ ላይ ተነሳሁና "ይችላል" አልኩ። ሊቀመንበሩ "ሳይንስ ማለት ይሄ ነው!" ብሎ አስጨበጨበልኝ። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ስሌቴ ድልድዩ ለተሠራበት ቀን ልክ ነበር። እርጥብ እንጨት ቀን በቀን እንደሚደክም ግን ደብተሬ ውስጥ አልነበረም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድልድዩ ጎብጦ ጎብጦ ተሰበረና የአንድ ገበሬ በቅሎ ከነጭነቷ ጎርፍ ወሰዳት።

ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ሕዝቡን ሰብስቦ "ይህን ያሰላው ማነው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ቀድሞኝ ተነሳ።

"ጌታዬ፣ ልጅቱ ጥፋት የለባትም። የግንዱን ውፍረት አሳስቼ የነገርኳት እኔ ነኝ።"

ሁለት ወር አሰሩት። ሲወስዱት ዞር ብሎ "አብሽሪ" አለኝ።

ሰው ሲዋሽ ሲሰማ የሚያማትብ ሰው ነበር። እሱ ራሱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩት።