የሃያ አራት ሰዓቱ ጀሪካን

አዲስ አበባ ለአሥራ አንድ ዓመት በጋዜጣ ሪፖርተርነት ስሠራ አንድ ልማድ ነበረኝ። ቁጥር ሲነገረኝ ማን ቆጠረው፣ እንዴትስ ቆጠረው ብዬ እጠይቃለሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ኦክላንድ ስኖር፣ በገዛ እህቴ ጉዳይ ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ታናሽ እህቴ ሳን ሆዜ ትኖር ነበር። ሳንታ ክላራ በሚገኝ ፋብሪካ የኮምፒውተር ዕቃ ትገጣጥማለች። መጀመሪያ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አበጡ፤ ቀጥሎ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ። የሚያውቃት ሁሉ “ፀሐይ መትቷት ነው” አለ። ሐኪሙ ግን ደም አስቀዳት። ኤ ኤን ኤ የሚባለው ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ይህ ጤነኛ ሰው ላይም ስለሚገኝ ብቻውን አይበቃም ብሎ ሌላ አዘዘ። የራስን ዲ ኤን ኤ የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ብሎ፣ ኮምፕሊመንት የሚባለው የደም ፕሮቲን ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሉፐስ ነው አለን፤ የሰውነት መከላከያ በራሱ ሰውነት ላይ ሲነሳ ማለት ነው። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የቀረው ኩላሊቷ ነበር። ሉፐሱ ኩላሊቷ ደርሶ ከሆነ ልትሞትብኝ እንደምትችል ሐኪሙ አልደበቀኝም። ያንን ለማወቅ የሃያ አራት ሰዓት ሽንቷን ጠብታ ሳታስቀር በትልቅ ጀሪካን አጠራቅማ፣ ፍሪጅ ውስጥ አቆይታ ማስረከብ ነበረባት። ላስታምማት እኔ ቤት አምጥቻት ስለነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካኑን ሰጥቻት የደንበኞች መኪና ወደማቆምበት የጋራዥ ሥራዬ ሄድኩ።

ውጤቱን ነርሷ በስልክ ነገረችኝ። በሽንቷ የወጣው ፕሮቲን ትንሽ ነው። እህቴ ተንበርክካ እመቤታችንን አመሰገነች። እኔ ቁጥሩን ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በሳምንቱ ጫማዋ አልገባ አላት። ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና “ይህ የሙሉ ቀን ሽንት አይደለም” አለ። ክሬያቲኒን የሚባል ነገር ከሰው በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን ይወጣል፤ ጀሪካኑ ውስጥ የተገኘው ግን ከአንድ አዋቂ ሴት የሚጠበቀውን ግማሽ አይሞላም። የደፋችው እንዳለ ጠይቃት አለኝ።

ጠየቅኳት። መሬት መሬት አየች።

“ቅዳሜ እኮ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር።”

“እነማን?”

“የታች ፎቅ እማማ ከነጓደኞቻቸው። ሳሎን ተቀምጠው ዋሉ። ያንን ጀሪካን አንጠልጥዬ በፊታቸው ልለፍ?”

“ታዲያ ምን አደረግሽ?”

“እንደ ማንም ሰው ገብቼ ሽንት ቤት ውስጥ ለቀቅኩት። እነሱ ሲሄዱ ቀጠልኩ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነርሷ ኮል ስታደርግ በጣም ደስ ብሎህ ነበር፣ ወንድምዬ።”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥራ ቀርቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከታች ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ከሁለት ሴቶች ጋር መጡ።

“ዛሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። አይገባም።”

“ኦክላንድ ውስጥ በሽተኛ መጠየቅ ተከለከለ እንዴ? ወይስ ብሶባት ነው የምትደብቀኝ?”

ሌላ መላ ስላጣሁ እውነቱን ነገርኳቸው። “ሽንቷን እያጠራቀመች ነው። ባለፈው እናንተን አፍራ ደፋችው።”

አንደኛዋ ሴትዮ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እማማ አልሳቁም።

“ሰባት ልጅ ካጠብኩት ከእኔ ነው የምታፍረው? ሞኝ!” አሉና አጥሚቱን አቀብለውኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሌላ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ “ተመለሱ! የሐኪም ትእዛዝ ነው!”

እኔ ውስጥ ሆኜ ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱን ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ እህቴ ጀሪካኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ሞልቶታል። ሐኪሙ አረፋ የፕሮቲን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ነግሮን ነበር። ሁለታችንም አየነው። ክዳኑን አጥብቃ መለሰችው።

ረቡዕ ሐኪሙ ራሱ ደወለ። ፕሮቲኑ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ሆኗል፤ ኩላሊቷ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት በመርፌ ቁራጭ መውሰድ ያስፈልጋል፣ ነገውኑ አምጣት አለኝ።

“ምን አለ?” ብላ ጠየቀችኝ፤ ከሶፋው ሳትነሳ።

“ቆይ” አልኳት። ደብተሬን ከፍቼ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ጠዋት መስመር በመስመር አነበብኩት። አንድ ስህተት፣ አንድ የተዘለለ ሰዓት ፈልጌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የጎደለ አልነበረም።